የጁዜፔ ቬርዲ ሕይወትና ሥራ

ስመ ጥሩ የኦፔራ ደራሲ ጁዜፔ ቬርዲ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በጥቅምት ወር 1813 ዓ. ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በቡሴቶ ከተማ አጠገብ፣ ሌ ሮንኮሌ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ካርሎ አነስተኛ የመጠጥና የእንግዳ ቤት ነበረው፤ እናቱ ሉዊጃ ፈትል ትፈትል ነበር። ሀብት ባይኖራቸውም የልጃቸውን የዜማ ፍቅር በተመለከቱ ጊዜ ፒያኖ የሚመስል አንድ ያረጀ የዜማ መሣሪያ ገዙለት። መሣሪያውን ያደሰው ባለሙያም የሕፃኑን ትጋት አይቶ የድካሙን ዋጋ ሳይቀበል ቀረ።

በ1832 ዓ. ም. ወጣቱ ወደ ሚላኖ ሄዶ በከተማይቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ቢያመለክት ሳይቀበሉት ቀሩ። ዕድሜው ከተወሰነው በላይ ነበር፤ የፓርማ ግዛት ተወላጅ ስለ ነበረም እንደ ውጭ አገር ሰው ተቈጠረ፤ በፒያኖ ላይ የጣቶቹ አያያዝም ነቀፌታ አገኘው። ነገር ግን አንቶንዮ ባሬዚ የሚባል የቡሴቶ ነጋዴ ወጪውን ችሎለት ቪንቼንዞ ላቪኛ ከተባለ መምህር ዘንድ በግል ተማረ። በ1836 ዓ. ም. የዚህን ደግ ሰው ልጅ ማርጌሪታን አገባ።

ደስታው ግን አልቈየም። በነሐሴ 1838 ዓ. ም. ሴት ልጁ፣ በጥቅምት 1839 ዓ. ም. ወንድ ልጁ ሞቱበት። በሰኔ 1840 ዓ. ም. ደግሞ ማርጌሪታ ራሷ አረፈች። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። እንደዚህ ባለ ሐዘን ላይ ሳለ፣ በገባው ውል መሠረት፣ ሰውን የሚያስቅ ድርሰት መጻፍ ግዴታው ነበረ። ድርሰቱ በዚያው ዓመት በላ ስካላ ቴያትር ቀርቦ ከተመልካቹ ፉጨትና ንቀት በቀር ሌላ አላተረፈለትም፤ ቬርዲም ከእንግዲህ ወዲህ ዜማ አልደርስም ብሎ ቈረጠ።

የቴያትሩ አስተዳዳሪ ባርቶሎሜኦ ሜሬሊ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በባቢሎን ስለ ተማረኩት ዕብራውያን የተጻፈ ግጥም በእጁ ሰጠው። ከዚህም «ናቡኮ» የተባለው ኦፔራ ተወለደ። መጋቢት 9 ቀን 1842 ዓ. ም. በላ ስካላ በቀረበ ጊዜ ያዘነው ሰው በአንድ ሌሊት ዝነኛ ሆነ። ኢጣልያ በዚያን ዘመን የተከፋፈለች፣ ከፊሏም በኦስትርያ ሥር የነበረች ስለ ሆነ፣ ዘመን እያለፈ ሲሄድ ሕዝቡ የምርኮኞቹን የኅብረት መዝሙር እንደ ራሱ ጩኸት ቈጠረው። አገሪቱ አንድ በሆነች ጊዜም ቬርዲ በ1861 ዓ. ም. ለመጀመሪያው የኢጣልያ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ።

«ሪጎሌቶ» በ1851፣ «ኢል ትሮቫቶሬ» እና «ላ ትራቪያታ» በ1853 ዓ. ም. ተከታትለው ወጡ። «ላ ትራቪያታ» በመጀመሪያው ሌሊት በቬኔዝያ ሳይወደድ ቢቀርም በማግሥቱ ዓመት በዚያችው ከተማ ተመልሶ ቀርቦ ታላቅ ምስጋና አገኘ።

ለአገራችን ሰው ይልቁን የሚያስደንቀው የ«አይዳ» ታሪክ ነው። ይህን ድርሰት ያዘዘው የግብጹ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ ለደራሲው የተከፈለው ዋጋ 150,000 ፍራንክ ነበር። ልብሱና መጋረጃው በፓሪስ ተዘጋጅቶ ሳለ ከተማይቱ በፕሩስያ ጦር ስለ ተከበበች ጊዜው ተላለፈና ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዓ. ም. በካይሮ ቀረበ። አይዳ በግብጽ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በአባቷ አገርና በግብጻዊው የጦር አለቃ ፍቅር መካከል ልቧ ተከፍሎ ትሠቃያለች። በመድረኩ ላይ ድል የሚያደርጉት ግብጻውያን ናቸው። ይሁን እንጂ አራት ዓመት ሳይሞላ ያው እስማኤል እውነተኛ ጦር በላከ ጊዜ፣ በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ዓ. ም. በጉራዕ፣ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል አደረገው። የቴያትሩ ድልና የጦር ሜዳው ድል ሳይገጥሙ ቀሩ።

ቬርዲ በሸመገለ ጊዜም ብዕሩን አላስቀመጠም፤ «ኦቴሎ»ን በ73፣ «ፋልስታፍ»ን በ79 ዓመቱ ለሕዝብ አቀረበ። ከሁሉ ይልቅ ያሰበው ግን እንደ እርሱ ዕድል ስላልቀናቸው የሙያ ወንድሞቹ ነበር። በጕልምስናቸው ሕዝብን ያስደሰቱ ዘፋኞችና የሙዚቃ ሰዎች በእርጅናቸው ጧሪ አጥተው እንዳይወድቁ በሚላኖ መጦሪያ ቤት በገንዘቡ አሠራ፤ ከድርሰቶቹ የሚገኘውም ገቢ ለቤቱ መተዳደሪያ እንዲሆን ተናዘዘ። ምስጋና እንዳይቀበልም ቤቱ ከሞቱ በፊት እንዳይከፈት አዘዘ።

ጥር 27 ቀን 1901 ዓ. ም. በ87 ዓመቱ በሚላኖ አረፈ። በታመመበት ሰሞን የሠረገላ ድምፅ እንዳያውከው በመንገዱ ላይ ገለባ ተነጥፎ ነበር። ቀብሩ እንደ ኑዛዜው ያለ ዘፈንና ያለ ግርማ ተፈጸመ። ከአንድ ወር በኋላ ግን አስከሬኑ ከሁለተኛ ሚስቱ ከጁዜፒና ስትሬፖኒ ጋራ ወደ መጦሪያ ቤቱ ሲዛወር፣ በአርቱሮ ቶስካኒኒ መሪነት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያ የምርኮኞች መዝሙር ተዘመረ።

በወጣትነቱ በሩን የዘጋበት ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል። እርሱ የከፈተው በር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያረጁ የሙዚቃ ሰዎችን ይቀበላል።