የጦር ትምህርት ቤቱ በርና የፖስታ ሠራተኛው ልጅ

የአንድን ሠራዊት ማንነት ለመረዳት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው የታጠቀውን መሣሪያ ብዛት ሳይሆን የመኮንኖቹን አመራረጥ ነው። የመኮንንነት ትምህርት ለማን ይፈቀዳል? ለማንስ ይከለከላል? መራጮቹ የሚመዝኑት ችሎታን ነው ወይስ የዘር ሐረግን? እነዚህ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ተራ የአስተዳደር ጉዳዮች ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን የሥልጣን ጥያቄዎች ናቸው። ጠመንጃን የሚያዝ መደብ ውሎ አድሮ መንግሥትንም እንደሚያዝ የብዙ አገሮች ታሪክ ይመሰክራል።

ይህን ሐቅ ቁልጭ አድርገው ከሚያሳዩት የታሪክ ምዕራፎች አንዱ የግብጹ መሪ የጋማል አብደል ናስር ሕይወት ነው። ናስር ንጉሥን ከዙፋን በማውረዱና የስዊዝን ቦይ ለአገሩ በማስመለሱ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። መኮንን ለመሆን በመጀመሪያ ባመለከተ ጊዜ ከበር የተመለሰ ወጣት እንደነበረ ግን እምብዛም አይነሳም። እኛ ዛሬ የምናተኩረው በዚህ ገጠመኝና ባስከተለው ትምህርት ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ናስር የተወለደው ጃንዋሪ 15 ቀን 1918 በእስክንድርያ ከተማ ነው። አባቱ በላይኛው ግብጽ በአስዩት አጠገብ ከምትገኘው ቤኒ ሙር ከተባለች የገበሬ መንደር የመጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ባይሆንም ሰፊ መሬት፣ ማዕረግ ወይም በቤተ መንግሥት አካባቢ የሚታወቅ ስም አልነበረውም። አባቱ በሥራቸው ምክንያት ከቦታ ቦታ ይዛወሩ ስለነበር ልጁም ትምህርቱን አንዴ በእስክንድርያ፣ አንዴ በካይሮ ተከታተለ። እናቱ በ1926 ሲሞቱ እርሱ ካይሮ ከአጎቱ ዘንድ ነበር። መርዶውን የሰማውም ዘግይቶ ነው።

በዚያን ዘመን ግብጽ በስም ነፃ መንግሥት ትባል እንጂ የእንግሊዝ ጦር በምድሯ ላይ ሰፍሮ ነበር። ለም መሬቷ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ተይዟል። የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ የእንግሊዝ ኤምባሲና የታላላቅ ባለርስቶች ፓርቲዎች አገሪቱን እየተጓተቱ ይገዟት ነበር። ናስር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በ1930 በእስክንድርያ መንሺያ አደባባይ ሲያልፍ ፖሊስና ሰልፈኞች ሲጋጩ ተመለከተ። የሰልፉን ምክንያት ሳያውቅ ከሰልፈኞቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ያችን ሌሊትም በእስር አደረ። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ለእርሱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነ። በኖቬምበር 1935 የካይሮ ተማሪዎች የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንዲመለስ ሲጠይቁ ከመሪዎቹ አንዱ ናስር ነበር። በዚያ ሰልፍ የፖሊስ ጥይት ግንባሩን ጨርፎት አለፈ። ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ፤ ስሙም በፖሊስ መዝገብ ሰፈረ።

በ1936 በግብጽና በእንግሊዝ መካከል አንድ ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ በስዊዝ ቦይ አካባቢ 10,000 የእንግሊዝ ወታደሮች ለ20 ዓመት እንዲቆዩ የሚፈቅድ በመሆኑ ሙሉ ነፃነት ሊባል አይችልም። ሆኖም ግብጽ የራሷን ሠራዊት እንድታስፋፋ ዕድል ሰጠ። ሠራዊት ሲሰፋ መኮንን ያስፈልጋል፤ የፓሻና የቤይ ልጆች ብቻ ደግሞ ለዚህ አይበቁም። በመሆኑም እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የባለጸጎች ልጆች ይመላለሱበት የነበረው ንጉሣዊ የጦር ትምህርት ቤት በሩን ለመካከለኛውና ለዝቅተኛው ኑሮ ልጆች በመጠኑ ገርበብ ማድረግ ግድ ሆነበት። ይህ ከገዥዎቹ በጎ ፈቃድ የመነጨ ችሮታ እንዳልነበረ ልንገነዘብ ይገባል። ሕዝቡ በሰልፍ በደሙ የከፈለው ዋጋና የወቅቱ ሁኔታ የወለደው አስገዳጅነት ነበር።

ወጣቱ ናስር ማመልከቻውን ያቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። መልሱ እምቢታ ሆነ። ለእምቢታው ጎልቶ የሚጠቀሰው ምክንያት በፖሊስ መዝገብ የሰፈረው የሰልፈኛነት ታሪኩ ነበር። ከዚህም በላይ የአመልካቹ አባት ማን ናቸው፣ ከዘመዶቹ መካከል መኮንን አለ ወይ፣ የሚያማልደውስ ማን ነው የሚሉት ነጥቦች በዚያ ዘመን ትልቅ ክብደት ይሰጣቸው ነበር። የፖስታ ቤት ጸሐፊ ልጅ፣ የገበሬ የልጅ ልጅ፣ በዚያም ላይ ግንባሩ በፖሊስ ጥይት የተጫረ ወጣት በእንዲህ ዓይነቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ መቅለሉ የማይቀር ነው። አገሩን መውደዱን ያስመሰከረበት ሥራ ለአገር መከላከያ ብቁ እንዳይሆን ምክንያት ሆኖ ቀረበበት። የባዕድ ጦር የሰፈረበት መንግሥት ለአገሩ ነፃነት የተሰለፈን ወጣት እንደ ጥፋተኛ ቢቆጥር የሚያስገርም አይደለም።

ናስር ከዚህ በኋላ በካይሮ ዩኒቨርስቲ የሕግ ትምህርት ጀመረ። የሕግ ትምህርት በዚያን ጊዜ ለፖለቲካ ሰው የተከበረ መንገድ ነበር፤ ከፓርቲ መሪዎቹ ብዙዎቹ ጠበቆች ነበሩና። እርሱ ግን አንድ መንፈቅ ብቻ ተምሮ ተወውና ወደ ጦር ትምህርት ቤቱ በር ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የሄደበት መንገድ የተለየ ነበር። ለዕጩዎች ምርጫ ኃላፊ የነበሩትን የጦር ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ኢብራሂም ኻይሪ ፓሻን በቀጥታ ለማነጋገር ቻለ። ባለሥልጣኑም ሁለተኛውን ማመልከቻ ደገፉለት። ናስር በ1937 ዕጩ መኮንን ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያስፈልገናል። ይህን ታሪክ የጽናት ምሳሌ ብቻ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ጽናት መኖሩን እኛም አንክድም። አንድ ጊዜ ተባርሮ፣ ሌላ የተከበረ መንገድ ተከፍቶለት ሳለ፣ ያንኑ በር ደግሞ ማንኳኳት ቆራጥነትን ይጠይቃል። ነገር ግን በሩን የከፈተው ጽናቱ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ ደረጃ ሠራዊቱ መኮንኖች አስፈልገውት ነበር። በሁለተኛ ደረጃ አንድ ፓሻ ቃል ተናግሮለታል። በመጀመሪያው ማመልከቻ ያጣውን አማላጅ በሁለተኛው አገኘ ማለት ነው። የመምረጫው ሚዛን አልተስተካከለም፤ አንድ ሰው ብቻ በሚዛኑ አጠገብ አለፈ። እንደ እርሱ ብቁ ሆነው ፓሻ ዘንድ የሚያስገባ ዘመድ ያጡ፣ ደጅ ሲጠኑ ተስፋ የቆረጡ የግብጽ ወጣቶች ስም ዛሬ በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

ዕጩ መኮንኑ ዕድሉን አላባከነም። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የናፖሊዮንን፣ የቢስማርክንና የአታቱርክን የሕይወት ታሪክ ያነብ ነበር። በጁላይ 1938 በምክትል መቶ አለቃነት ተመርቆ ከአባቱ መንደር በማይርቀው መንቀባድ ተመደበ። አንዋር ሳዳትንና ዘከሪያ ሞሒ አልዲንን ያወቀው በዚያ ነው። በሱዳንም አገለገለ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1942 የእንግሊዝ አምባሳደር የአብዲንን ቤተ መንግሥት በታንክ አስከብቦ ንጉሥ ፋሩክ የፈለገውን ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሾም ሲያስገድድ፣ የግብጽ መኮንኖች ዝም ብለው ከመመልከት በቀር ያደረጉት ነገር አልነበረም። ይህ ውርደት በናስር ትውልድ ልብ ውስጥ እሳት ሆኖ ቀረ። በ1943 ናስር በዚያው በጦር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በሩ ላይ የተመለሰው ወጣት ከበሩ በስተ ውስጥ ቆሞ የሚቀጥለውን የመኮንኖች ትውልድ ለማስተማር በቃ።

በ1948 በፍልስጥኤም ጦርነት የእርሱ ክፍል ፋሉጃ ላይ ተከቦ እስከ ፌብሩዋሪ 1949 የተኩስ አቁም ስምምነት ድረስ እጁን ሳይሰጥ ቆየ። ናስር ከከበባው ሲወጣ እውነተኛው ጠላት ካይሮ ውስጥ እንዳለ አምኖ ነበር። የነፃ መኮንኖች ንቅናቄ በዚህ ጊዜ ቅርጽ ያዘ። የንቅናቄው ዋና ዋና አባላት በአብዛኛው ከ1936 ወዲህ በተከፈተው ጠባብ በር የገቡ ልጆች ነበሩ። አሮጌው ሥርዓት ራሱን ለማጠናከር ሲል ያሠለጠናቸው መኮንኖች ጁላይ 23 ቀን 1952 ሥርዓቱን ገለበጡት። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በመርከብ አገር ለቅቆ ሄደ።

አዲሱ መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች የሚታወቁ ስለሆኑ በአጭሩ እንለፋቸው። በሴፕቴምበር 1952 የታወጀው የመሬት ይዞታ ማሻሻያ የአንድን ባለርስት ይዞታ በ200 ፈዳን ወሰነ፤ ይህም ወደ 84 ሄክታር ይጠጋል። በጁን 1956 የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር ከስዊዝ አካባቢ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ናስር በልጅነቱ በታሰረበት በመንሺያ አደባባይ ቆሞ የስዊዝ ቦይ ኩባንያ የሕዝብ መሆኑን አወጀ። በ1962 የዩኒቨርስቲ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተደረገ። የፖስታ ሠራተኛና የገበሬ ልጆች የማይመላለሱበት የነበረው በር በእርግጥም ሰፊ ሆነ።

ይሁንና ታሪክን በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አይደለም። ፓርቲዎች በ1953 ፈረሱ፤ በሐሳብ የተለዩ ሰዎች፣ ግራ ክንፉም ሆነ ሃይማኖታዊው ወገን፣ እስር ቤት ተጣሉ። ከሁሉም በላይ ለጽሑፋችን ጉዳይ ቅርብ የሆነው ግን የሠራዊቱ አመራር ነው። ናስር በ1953 የልብ ወዳጁን ሻለቃ አብደል ሐኪም አመርን በአንድ ጊዜ ሜጀር ጄኔራል አድርጎ የጦር ኃይሎች አዛዥነትን ሰጠው። በ1958 ደግሞ ፊልድ ማርሻል አደረገው። የሹመቱ መሠረት ችሎታ ሳይሆን ታማኝነት ነበር። ትናንት የዘመድ ሚዛን ያቀለለው ሰው ሥልጣን ሲይዝ የወዳጅ ሚዛን አቆመ። አመርም በተራው በዙሪያው የራሱን ሰዎች ሰበሰበ። በ1962 ናስር ሥልጣኑን ሊቀንስበት ቢሞክር አልሆነለትም። ጁን 5 ቀን 1967 የግብጽ አየር ኃይል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በየአውሮፕላን ማረፊያው ተደመሰሰ። በማግስቱ አመር ሠራዊቱ ከሲናይ እንዲያፈገፍግ ያለ ዝግጅት አዘዘ። የዚያ ስሕተት ዋጋ በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬ ልጆች በበረሃ ውስጥ የከፈሉት ነው።

ናስር ጁን 9 ሥልጣን መልቀቁን ሲያስታውቅ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ መለሰው። እርሱም በቀረው ዕድሜው ሠራዊቱን እንደገና ማቋቋም ጀመረ። አመር ተሽሮ በዚያው ዓመት በቁጥጥር ሥር ሳለ ሞተ። አዛዦች ተለወጡ፤ ከዩኒቨርስቲ የተመረቁ ወጣቶችም በብዛት ለውትድርና ተጠሩ። በ1973 የስዊዝን ቦይ የተሻገረው ሠራዊት የዚህ ለውጥ ፍሬ ነው። ናስር ግን ይህን አላየም፤ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1970 በ52 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ናስርን የምናስታውስባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በሜይ 1963 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ከፈረሙት መሪዎች አንዱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በ1959 ግብጽና ሱዳን የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ የውሃው ዋና ምንጭ ኢትዮጵያ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጫ አለማግኘቷ ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው ራሱ በር ዘጊ ሊሆን እንደሚችል ይህም አንድ ማስረጃ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንጨብጠው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የተከለከለ ወጣት ተስፋ ሳይቆርጥ ሁለተኛ ማመልከቱ የሚመሰገን ነው። ኅብረተሰብ ግን ዕድሉን በወጣቶች ጽናትና በፓሻዎች ቸርነት ላይ ሊመሠርት አይገባም። የአባት ማዕረግ፣ የዘመድ ቃል ወይም የወዳጅነት ታማኝነት መኮንን የሚመርጥበት አገር በሰላም ቀን ብዙ ብቁ ልጆቹን ከበር ይመልሳል፤ በጦርነት ቀን ደግሞ ዕዳውን በደም ይከፍላል። ናስር የመጀመሪያውን እውነት በወጣትነቱ በገዛ ራሱ ላይ አየው። ሁለተኛውን የተማረው ግን በ1967 በሠራዊቱ ሽንፈት ነው። የበሩን ጠባቂ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ የመምረጫው ሚዛን ራሱ መለወጥ አለበት።