የፊልም ባለአደራው አንሪ ላንግልዋ

አንሪ ላንግልዋ በ1914 እ.ኤ.አ. በኢዝሚር ተወለደ። ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲመጣ የቀድሞዎቹ ፊልሞች እንደ ውዳቂ ተቆጥረው፥ ውስጣቸው ያለው ብር እንዲወጣ ይቀልጡ ነበር። ይህ ወጣት ግን ያገኘውን ሁሉ እየለቀመ በወላጆቹ ቤት መታጠቢያ ገንዳ እስከ መከመር ደረሰ፤ ያ ፊልም እንደ ጭድ የሚነድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል! በ1936 ከዦርዥ ፍራንዡ ጋር በፓሪስ ሲኒማቴክ ፍራንሴዝን አቋቋመ፤ በጀርመን ወረራ ዘመንም ብዙ ፊልም ደበቀ። የተዋንያን ልብስ፥ የመድረክ ዕቃ፥ አሮጌ ካሜራ ሳይቀር ይሰበስብ ነበር። መዝገብ አያያዙ ግን ደካማ ነበር፤ መንግሥትም በ1968 ከሥራው አነሣው። ፊልም ሠሪዎችና ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ዱላ ቀመሱ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ተመለሰ። በ1972 በሻዮ ቤተ መንግሥት ሙዚየሙን ከፈተ፤ ከሂችኮክ «ሳይኮ» የመጣው የእናቲቱ ራስ ከስብስቡ አንዱ ነው። በ1977 ሞተ። ሙዚየሙን በ1997 የተነሣ ቃጠሎ አዘጋው።