ኢብኑል ሀይሠም እና የነጣው ፎቶ

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ354 ዓመተ ሂጅራ ገደማ (965 እ.ኤ.አ.) በበስራ ከተማ ተወለዱ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ካሜራ የፈለሰፉ ሙስሊም እየተባለ ነው። ካሜራ አልሠሩም። የፀሐይ ግርዶሽ ምስል በጠባብ ቀዳዳ አልፎ እንዴት እንደሚያርፍ ግን መርምረው ጽፈዋል።

ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደሚተርኩት፣ የዓባይን ውሃ መቆጣጠር እንደሚችሉ መናገራቸውን የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም ሰምቶ አስጠራቸው። ሠራተኞች ይዘው እስከ አስዋን አካባቢ ወጡ። በመንገድ ላይ የጥንት ግብፃውያንን ድንቅ ሕንፃዎች ሲያዩ፣ ነገሩ የሚቻል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ይሠሩት ነበር ብለው አሰቡ። ቦታውን መርምረውም እንደማይሆን ለአል-ሓኪም ነገሩት። ለመሐንዲስ ከዚህ የከበደ ሪፖርት ያለ አይመስለኝም! በኋላ ቁጣውን ፈርተው እብድ መሰሉ፤ በ411 ሂጅራ አል-ሓኪም እስኪሞት ድረስም በቤታቸው ታግደው ኖሩ።

ስለ ብርሃንና እይታ የጻፉት ኪታቡል መናዚር ሰባት ክፍል አለው። ለእኛ ትምህርት የሚቀርበው አንድ ምልከታቸው ነው፦ ያው አንድ ቀለም ነጭ ነገር ላይ ሲነጠብ ጠቁሮ፣ ጥቁር ነገር ላይ ሲነጠብ ፈክቶ ይታያል። ከዋክብት ቀንም ሰማይ ላይ አሉ፤ ሰማዩ ስለበራ አናያቸውም። ዓይን አንድን ነገር የሚመዝነው ከጎረቤቱ ጋር ነው።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ በቀትር ፎቶ ያነሳ ይህን ያውቀዋል፤ ግመሉም ሜዳውም ሰማዩም አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናሉ። የፎቶውን ሂስቶግራም እናውጣ፤ ማለትም ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው እያንዳንዱ የብርሃን መጠን ስንት ፒክሰል እንዳለ ቆጥረን በባር እንሳል። ባሮቹ ለምሳሌ በ150 እና በ210 መካከል ተጨናንቀው ይሆናል። ከእያንዳንዱ ፒክሰል 150 ቀንሰን፣ በ255 አባዝተን ለ60 ብናካፍል፣ 150 የነበረው 0፣ 210 የነበረው 255 ይሆናል። ግመሉ ከሜዳው ተለይቶ ይወጣል። ግመሉና አሸዋው ከመጀመሪያው ሁለቱም 180 ከነበሩ ግን የቱንም ያህል ብንለጥጠው አይለያዩም፤ ሌላ ዓይነት ብርሃን የመዘገበ ምስል ያስፈልጋል። በስኳር ፋብሪካው የምናውቀው ከሰም አካባቢ ያለውን የከሰም ከበና የቅሪተ አካል ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የለዩት ተመራማሪዎችም ኢንፍራሬድ ጭምር የሚመዘግብ የሳተላይት ምስል ተጠቅመዋል።

ኢብኑል ሀይሠም ከእገዳው ከወጡ በኋላ በአዝሀር መስጊድ በር አጠገብ ኖሩ። የኡቅሊዲስንና የበጥሊሙስን መጻሕፍት በእጃቸው እየገለበጡ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። በ430 ሂጅራ ገደማ በካይሮ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።