ከፈረስ የወደቀው ወጣትና የአንጎል ሞገድ

በምዕራብ ጎጃም፥ በደጋ ዳሞት ወረዳ፥ ፈረስን በስሟ የያዘች ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ደጋ አገር ያደገ ተማሪ ፈረስ ሲደነብር ጋላቢው ምን እንደሚደርስበት አስረጅ አያሻውም። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገርም የሕይወቱ አቅጣጫ የተለወጠው ከፈረስ በወደቀበት ቀን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርገር በ1873 ዓ.ም. በኮቡርግ ከተማ አጠገብ ከሐኪም ቤተ ሰብ ተወለደ። የእናቱ አባት ፍሪድሪኽ ሩከርት ስመ ጥር ባለቅኔ ነበር። ወጣቱ ግን ልቡ ወደ ከዋክብት ጥናት አዘንብሎ ሒሳብ መማር ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ አቋርጦ ለወታደርነት አገልግሎት ገባ። በልምምድ ላይ ሳለ ፈረሱ ደንብሮ ጣለው፤ መድፍ የሚጎትተው ሠረገላ ሊጨፈልቀው ጥቂት ሲቀረው ቆመለት። በዚያው ዕለት ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ደረሰው። እኅቱ ከሩቅ አገር ሆና ወንድሟን አደጋ እንዳገኘው ተሰምቷት አባቷን አስጨንቃ ኖሯል። በርገር ከዚህ የተነሣ አሳብ ከሰው ወደ ሰው በአንዳች ኃይል ይሻገራል ብሎ አመነ፤ ያንንም ኃይል ለመፈለግ ሕክምና ተማረ።

በ1897 ዓ.ም. ከየና ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በዚያው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሠራ፤ በ1919 ዓ.ም. የሆስፒታሉ አለቃ ሆነ። ቀን ሹመቱን ሲፈጽም ይውልና ማታ ምርምሩን በዝግታ ይቀጥል ነበር። በ1924 ዓ.ም. በቀዶ ሕክምና ምክንያት የራስ ቅሉ አጥንት በከፊል ከተነሣለት ወጣት ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ነገር ግን ስሕተት እንዳይሆን ፈርቶ አምስት ዓመት ሙሉ ደጋግሞ መረመረ፤ ያሳተመው በ1929 ዓ.ም. ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ይደክማል። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. የካምብሪጆቹ አድሪያንና ማቲውስ ፈትነው አረጋገጡለት። የተመኘውን ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር ኃይል ባያገኝም፥ መሣሪያው እስከ ዛሬ የሚጥል በሽታን ለመመርመር ያገለግላል።

ከሞቱ በኋላ ጆ ካሚያ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ነገር ሞከረ። ሰዎች ይህ ሞገድ መኖር አለመኖሩን እንዲገምቱ እያደረገ ትክክል ወይም ስሕተት መሆናቸውን ነገራቸው። ብዙዎቹም ቀስ በቀስ ለዩት፤ በኋላም በፈቃዳቸው ማምጣት ቻሉ። መስተዋት ያገኘ ሰው ፀጉሩን አስተካክሎ እንደሚያበጥር መሆኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ተማሪው ዓይን በሚሸፍን መነጽር ውስጥ ጫካ ወይም ሐይቅ ያያል፤ የተፈለገው ሞገድ ሲበረታ ጭጋጉ ይገፈፋል። በስክሪን ላይ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ብቻ ሲያዩ መዋል ስለሚያሰለች፥ ይህ ትዕግሥትን ያራዝማል ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም ሁሉም ሰው አይሳካለትም። እንዲሁም ለማነጻጸሪያ የራሳቸው ያልሆነ ሞገድ የታያቸው ሰዎች ባሉባቸው ፈተናዎች የልምምዱ ብልጫ ብዙ ጊዜ አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ የሻጭን ውዳሴ ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል አይገባም።

የበርገር ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። የሂትለር መንግሥት በሽታቸው በዘር ይተላለፋል የተባሉትን ሰዎች በግድ እንዲያመክን ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ በርገር በየና ጉዳዩን በሚያየው ፍርድ ቤት ተቀምጦ ፈርዷል። በ1938 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ በ1941 ዓ.ም. በጽኑ ኀዘን ተይዞ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

እንግዲህ ወጣት ተማሪና ወጣት ሹም ከዚህ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንድን ግኝት ከማሳተሙ በፊት አምስት ዓመት የተጠራጠረው በርገር ሊመሰል የሚገባው ነው። ይኸው ሰው የሌላውን ሰው ዕድል በሚወስን ወረቀት ላይ ሲፈርም ያንን ጥርጣሬ አልተጠቀመበትም። መሣሪያው አእምሮ ማረፉን ወይም መሥራቱን ያሳያል፤ የሚሠራው ሥራ ቅን መሆኑን ግን አያሳይም። ይህን መጠበቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።