ዊሊያም ፕሌይፌርና የግራፍ መስመር



በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን የአንድ ሳምንት የአየር ሙቀት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በግራፍ ልናሳይ ተነሣን። ቋሚውን ዘንግ እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ከፍለነው ኖሮ ሐሙስ 24 ሲመጣ ነጥቡን የምናኖርበት ቦታ ጠፋ። መስመሩ ከሰሌዳው አልፎ ወደ ግድግዳው ሊወጣ ሆነ! ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኛም አፈርን። ከዚያ በኋላ ነው የዚህን ሰው ታሪክ የፈለግነው።

ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1759 በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ። እሳቸው በ1772 ሲሞቱ ልጁን የማሳደጉ ኃላፊነት በታላቅ ወንድሙ በጆን ላይ ወደቀ። ጆን በኋላ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው። ታናሹን የቴርሞሜትር ንባብ በየቀኑ እያስመዘገበ በመስመር እንዲያሳይ ያለማምደው ነበር። እኛን ያሳፈረን ያው የሙቀት ግራፍ ለፕሌይፌር መጀመሪያው ትምህርት ሆነለት ማለት ነው።

ጎልማሳው ፕሌይፌር የመውቂያ መኪና ከሠራው ከአንድሪው ሚክል ዘንድ ሙያ ተማረ። ከ1777 ጀምሮ ደግሞ በበርሚንግሃም ለጄምስ ዋት የመኪና ንድፍ ይነድፍ ነበር። በ1786 የንግድና የፖለቲካ አትላስ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። በውስጡ ካሉት 44 ሥዕሎች 43ቱ የመስመር ግራፎች ናቸው።

እንግሊዝ ከዴንማርክና ከኖርዌይ ጋር ያደረገችውን ንግድ ያሳየበትን ሥዕል እንመልከት። አግድሙ ከ1700 እስከ 1780 ሲሆን በየ10 ዓመቱ ተከፍሏል። ቋሚው በየ10 ሺህ ፓውንድ ተከፍሎ ወደ 200 ሺህ ይጠጋል። ትልቁ ቁጥር ከዚያ በታች ስለሆነ መስመሩ አይወጣም፤ ባዶ ሜዳም አይተርፍም። የገቢና የወጪ ዕቃ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ስለ ስኮትላንድ ግን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ነበረው። ያለ ዓመታት መስመር መሳብ ስለማይቻል በመስመር ፈንታ ባር ግራፍ ሠራ። የሌለውን ቁጥር ፈጥሮ መስመር አልሳበም። በ1801 ደግሞ ክብ ግራፍን አስተዋወቀ።

ይሁን እንጂ ኑሮ አልቀናውም። የጀመራቸው ንግዶች ከሸፉ፤ በዕዳም ታሠረ። በ1823 ለንደን ውስጥ በድህነት ሞተ። ሥራው ግን ዛሬም በየመማሪያ ክፍሉ አለ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ጠመኔ ከማንሣታችን በፊት ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እንፈልግ። ክፍሎቹን እኩል እናድርግ፤ ከላይም ትንሽ ቦታ እንተው። በተለይ ባር ግራፍ ከ0 ይነሣ። የሁለት ክፍሎችን ውጤት፣ 62ንና 66ን፣ ከ60 ጀምረን ብንሠራ አንዱ ባር የሌላውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱ ግን 4 ነጥብ ብቻ ነው! ከሰሌዳ የወጣ መስመር ያስቃል እንጂ አያሳስትም። ያለ ቦታው የተጀመረ ዘንግ ግን ማንም ሳይስቅ ተማሪውን ያሳስታል። ከሁሉም የሚያስፈራን ይኸኛው ነው።