የመድኃኒት ስም ከነሰነዱ፦ የኢብኑል በይጣር ሕይወት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዛሬው ጁሙዓ የምናወሳቸው ሰው ሙፈሲርም ፈቂህም አይደሉም። ዕድሜያቸውን የፈጁት ቅጠልና ሥር፣ ዘርና ሙጫ ሲለዩ ነው። ሙሉ ስማቸው ዲያኡዲን አቡ ሙሐመድ ዐብዱላህ ኢብኑ አሕመድ ሲሆን ዓለም የሚያውቃቸው ግን ኢብኑል በይጣር በሚለው ነው፤ «የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ» ማለት ነው። የተወለዱት ከ800 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1197 ገደማ፣ በአንዳሉስ ማላጋ ከተማ ነው።

ወደ ሕይወታቸው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ስለ ጥቁሯ ዘር (አል-ሐበቱ ሰውዳእ) የመጣውን ሐዲስ የማያውቅ የለም። ሐዲሱን ካስተላለፉት አንዱ ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ ግን ዘሯ «ሹኒዝ» ናት ብለው በሌላ ስም ማብራራት እንዳስፈለጋቸው ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ሹኒዝ የእኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። ሐሰን አል-በስሪ በበኩላቸው ሰናፍጭ ናት ማለታቸው ተዘግቧል፤ ሌላ ዛፍ የጠቀሰም አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ከዙህሪ ጋር ናቸው። ነገሩን ያነሳሁት ለክርክር አይደለም። ቃሉ በሶሒሕ ሰነድ ቢደርሰንም ቃሉ የሚጠራው ዘር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል። ኢብኑል በይጣር የኖሩት ለዚህ ዕውቀት ነው።

ችግሩ ከእሳቸው በፊት የቆየ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ወደ 600 የሚጠጉ ዕፅዋትን ጥቅም በአምስት መጻሕፍት ጽፏል። በዐባሲያው ኸሊፋ በሙተወኪል ዘመን ኢስጢፋን ኢብኑ ባሲል የተባለ ተርጓሚ ባግዳድ ላይ ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅም አረመው። ኢስጢፋን የዐረብኛ ስማቸውን ያወቃቸውን ዕፅዋት ተረጎመ። ያላወቃቸውን ግን በግሪክ ድምፃቸው እንዳሉ ተዋቸው፤ ከእሱ በኋላ የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብሎ። ይህ ትልቅ አማና ነው። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ስም ቢለጥፍበት ኖሮ በዚያ ስም ስንት ሰው የተሳሳተ ሥር ቀቅሎ በጠጣ ነበር!

መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የሩም ንጉሥ ሥዕል ያለበትን የዲዮስቆሪዶስ ግሪክኛ መጽሐፍ ለቆርዶባው ኸሊፋ ለዐብዱረሕማን ሣልሳዊ በስጦታ ላከ። በከተማው የጥንቱን ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ እ.ኤ.አ. በ951 ኒቆላስ የሚባል መነኩሴ መጣ። መነኩሴው፣ አይሁዳዊው ሐኪም ሐስዳይ ኢብኑ ሸፕሩጥና ሙስሊም ሐኪሞች አብረው ተቀምጠው እነዚያን ባዶ የቀሩ ስሞች አንድ በአንድ ከተክሉ ጋር ማገናኘት ጀመሩ። የአንዳሉስ የዕፅዋት ዕውቀት ሥር የያዘው እንዲህ ነው።

ኢብኑል በይጣር የዚህ ወራሽ ናቸው። ዋናው መምህራቸው በሴቪያ የነበሩት አቡል ዐባስ አን-ነባቲ ሲሆኑ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የእኚህ ሰው ነገር ነው። አቡል ዐባስ የሐዲስ ዓሊም ነበሩ። ዘጋቢን ከዘጋቢ እየለዩ፣ የቱ ታማኝ ነው የቱ ደካማ ነው እያሉ የሚመረምሩት ሰው ሱቅ ተቀምጠው ቅጠላ ቅጠልም ይሸጡ ነበር፤ ሐዲስ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙም የየአገሩን ተክል መዝግበዋል። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህ እንዴት እንደሚገጥም ይገባዋል። «ይህ ተክል ለሆድ ይሆናል» የሚል ወሬም ሰነድ አለው፤ ማን አለ? ራሱ አየ ወይስ ሰማ? ስሙን በትክክል ጻፈ ወይስ ነጥብ ሳተ? ተማሪው ይህን ልማድ ከመምህራቸው ወርሰው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበታል።

ወጣቱ ኢብኑል በይጣር እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ አንዳሉስን ለቀው ወጡ፤ አልተመለሱም። በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ፣ በቢጃያ፣ በቱኒስ፣ በጠራቡሉስ አልፈው እስከ ትንሿ እስያ ተጓዙ። በየደረሱበት የሚጠይቁት የአገሬውን ሰው ነው። በርበሮች ይህን ምን ይሉታል? ዘሩን ነው ሥሩን የሚጠቀሙት? በስንት ወር ይለቀማል? በመጨረሻ ግብጽ ገብተው የአዩቢዩ ሱልጣን አል-ማሊክ አል-ካሚል የዕፅዋት አዋቂዎች ሁሉ አለቃ አደረጓቸው። ሱልጣኑ እ.ኤ.አ. በ1238 ሲሞቱ ልጃቸውን አል-ማሊክ አስ-ሷሊሕ ነጅሙዲንን አገለገሉ።

በዚህ መካከል ደማስቆ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አገኛቸው፤ የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ነው። በ633 ሂጅራ ከከተማ ወጣ እያሉ አብረው ዕፅዋት ለቀሙ፤ የዲዮስቆሪዶስን መጽሐፍ ከነማብራሪያው እሳቸው ዘንድ ቀራ። ወጣቱን ያስደነቀው ጨዋታቸው አንድም ዝንፍ አለማለቱ ነው። ስለ አንድ መድኃኒት ሲጠየቁ መጀመሪያ የግሪክ ስሙን ይጠራሉ፤ ቀጥለው ዲዮስቆሪዶስ ምን እንዳለ፣ ጋሌኖስ ምን እንዳለ፣ የኋለኞቹ የት ላይ እንደተለያዩና የት ላይ እንደተሳሳቱ ይዘረዝራሉ። በስንተኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ተራ እንደሚገኝ ሳይቀር ይናገራሉ። ወጣቱ ቤቱ ሄዶ መጻሕፍቱን እየገለጠ ሲያመሳክር እንዳሉት ሆኖ ያገኘዋል።

ትልቁ መጽሐፋቸው «አል-ጃሚዕ ሊ-ሙፍረዳት አል-አድዊየቲ ወል-አግዚያ» ይባላል፤ የነጠላ መድኃኒቶችና ምግቦች ስብስብ ማለት ነው። «ነጠላ» ማለት ያልተቀላቀለ፣ አንዱ ተክል ወይም አንዱ ማዕድን ብቻውን። በሆሄ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ወደ 1400 የሚጠጉ መድኃኒቶች አሉበት፤ 300 የሚሆኑት ከእሳቸው በፊት ያልተጻፉ ናቸው ይባላል። የጠቀሷቸው ጸሐፊዎችም 150 ያህል ናቸው።

በመግቢያው ላይ የሥራቸውን ደንብ አስቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ምንነቱን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ጉዳቱ በምን እንደሚመለስ፣ ልክ መጠኑን፣ ከጠፋም በምን እንደሚተካ ይጽፋሉ። መጠኑ ደግሞ እንደ አወሳሰዱ ይለያያል፦ ከራሱ ከተክሉ ተወቅጦ ነው፣ ከጭማቂው ነው ወይስ ከተቀቀለው ውኃ? አንድ ተክል በሦስት መልክ ሦስት ዓይነት ጉልበት እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች ክኒን፣ ሽሮፕ፣ ቅባት፣ ጠብታ፣ መርፌ እያሉ የሚማሩት ይህንኑ ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ «ሽሮፕ» የሚለው ቃል በአውሮፓ ዞሮ የመጣ የዐረብኛው «ሸራብ» ነው።

በዓይናቸው ያዩትንና በሙከራ ያረጋገጡትን ብቻ እንደሚያጸኑ፣ ከእውነታው ጋር ያልገጠመውን ግን ተናጋሪው የፈለገ ትልቅ ሰው ቢሆን እንደሚተዉም ገልጸዋል። በወረቀት ላይ ብቻ ተማምነው የተሳሳቱትን ሐኪሞች ስህተት ማሳየት አንዱ ዓላማቸው ነበር፤ የባግዳዱን ሐኪም የኢብኑ ጀዝላን መጽሐፍ ለማረምም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። ስሞቹንም በዐረብኛና በግሪክ፣ በበርበር፣ በአንዳሉስ ላቲን-ወለድ ቋንቋ ሳይቀር ያሰፍራሉ። የቃሉን ፊደልና አናባቢም ይወስናሉ። ዐረብኛ የሚቀራ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ባእ፣ ታእ፣ ሣእ፣ ኑን፣ ያእ በቃል መሃል የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው። ገልባጩ አንድ ነጥብ ከዘለለ መድኃኒቱ ሌላ መድኃኒት ይሆናል።

ገበያውም ንጹሕ አልነበረም። ከእሳቸው ትንሽ ቀደም ብለው በሻም የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት መጽሐፍ የመድኃኒት ሻጮችን ማጭበርበር ዘርዝረዋል፤ ኦፒየምን በዱር ሰላጣ ጭማቂና በሙጫ የሚያበዙ ነበሩ። ስሙን፣ መልኩን፣ ሽታውን በቅጡ የማያውቅ ገዢ በምን ይለያል?

የመጽሐፉ የመጀመሪያ መድኃኒት «አጥሪላል» ነው። ስሙ የበርበር ሲሆን የወፍ እግር ማለት ነው። በግብጽ የቁራ እግር እንደሚባል፣ አንዳንዶችም የሸይጧን ካሮት እንደሚሉት ኢብኑል በይጣር ጽፈዋል። አንድ ተክል፣ ሦስት ስም! መልኩ ከእንስላል ዘመድ ከሺቢት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሺቢት አበባ ቢጫ ሲሆን የዚህ ነጭ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነጭ አበባ ያለው ገዳዩ ሸውከራንም አለ።

የአጥሪላል ዘር ለበረስ፣ ማለትም ለለምጽ፣ መድኃኒት ነው። በቢጃያ አካባቢ የሚኖር አንድ የበርበር ጎሣ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ በሽተኛው ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱም ምስጢሩን ደብቀው ከአባት ወደ ልጅ ያወርሱታል። በኋላ ታወቀ። ኢብኑል በይጣር አጠቃቀሙን ጻፉት፦ ዘሩ ተወቅጦ ከማር ጋር ይወሰዳል፤ ከዚያ በሽተኛው ለምጽ የወጣበትን ገላ ገልጦ እስኪያልበው ድረስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቦታው ውኃ ይቋጥርና ይፈሳል፤ ሲድን ወደ ሰውነቱ ቀለም ይመለሳል። እሳቸው ደጋግመው ሞክረውታል፤ በአንዱ ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ እንደሚሠራም አስተውለዋል።

ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ያለ ፀሐይ አይሠራም። ከ700 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ግብጻውያን ተመራማሪዎች ካይሮ ላይ ከዚሁ ተክል ዘር ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡ። በዓመቱ ደግሞ ግብጻዊው የቆዳ ሐኪም ዐብዱልሙንዒም አል-ሙፍቲ ለምጽ ባለባቸው ሰዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ንጥረ ነገሩ ቆዳ ለፀሐይ የማይታይ ጨረር በኃይል ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ስሙ ሜቶክሳሌን ይባላል፤ በሚዋጥ መልክም በሚቀባ መልክም ይሠራል፤ ጨረሩ በመሣሪያ እየተለካ ነው የሚሰጠው፤ ያለ ልክ ከሆነ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላልና። የሳይንስ ስሙ አሚ ማጁስ የሆነው የወፍ እግር እንዲህ ሆኖ ወደ መድኃኒት ቤት ገባ።

ዓለም አቀፍ ስም ስል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ ስም የመስጠት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የመጀመሪያው ዝርዝር በ1953 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ስም ሺህ ቢሆን የንጥረ ነገሩ ስም አንድ ነው። በእኛ ቤት ግን ችግሩ አልጠፋም። ከሳዑዲ የመጣች እህት ፓናዶል ይዛ ትመጣለች፣ ከአሜሪካ የመጣ ወንድም ታይለኖል፣ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ደግሞ ፓራሲታሞል ይገዛል። እናታችን ራስ ምታቱ ሲበረታባት ሦስቱንም ትወስዳለች፤ ሦስት መድኃኒት መስሏት። ሦስቱም ግን ፓራሲታሞል ነው፤ አሜሪካኖቹ አሲታሚኖፌን ይሉታል እንጂ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ይገድላልም። ጉንፋን ማስታገሻ በሚባሉት ቅልቅሎች ውስጥም ብዙ ጊዜ እሱው አለበት። «ቀይና ቢጫውን ክኒን ስጠኝ» ብሎ የሚገዛም አለ፤ ቀለሙ የፋብሪካው ምርጫ እንጂ የመድኃኒቱ ስም አይደለም። ስሙ ካርቶኑ ላይ፣ ከንግድ ስሙ ሥር በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። ቤት ስትደርሱ የእናቶቻችሁን የመድኃኒት ከረጢት አውጡና ያንን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡላቸው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ኢብኑል በይጣር «አል-ሙግኒ» የሚባል ሌላ መጽሐፍም አላቸው፤ እሱ የተደራጀው በፊደል ሳይሆን በሚታመመው የሰውነት ክፍል ነው፣ ሐኪም በሽተኛው ፊት ሆኖ እንዲያገኘው። ለዲዮስቆሪዶስ የጻፉት ማብራሪያ ደግሞ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቶ ቅጂው መካ ላይ ተገኝቷል። «አል-ጃሚዕ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጀርመንኛና ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሟል፤ ዐረብኛው በ1291 ሂጅራ ካይሮ ቡላቅ ማተሚያ ቤት ታትሟል።

በ646 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1248፣ በሻዕባን ወር፣ ከወጣቱ ጋር ቅጠል በለቀሙበት በደማስቆ በድንገት አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።