ጉልቱን ተነጥቆ ርስቱ ያወጣው መስፍን፦ «አንበሳው» ሃይንሪሽ

ባየርን ሙኒክን የማያውቅ ተከታታይ ያለን አይመስለንም። ክለቡ የሚጠራባትን ከተማ ማን እንደቆረቆራት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ከ800 ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ጀርመናዊ መስፍን እናወጋችኋለን። ስሙ ሃይንሪሽ ነው፤ ታሪክ የሚያውቀው «አንበሳው» በሚለው ቅጽል ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃይንሪሽ የተወለደው በ1130 አካባቢ ነው። አባቱ የባቫሪያና የሳክሶኒ መስፍን፣ እናቱ ገርትሩድ ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ሎታር ልጅ ነበረች። በ1137 ሎታር ሲሞት አባትየው ዘውዱ የእኔ ነው ብሎ ጠበቀ። መሳፍንቱ ግን ኃይሉን ፈርተው ኮንራድን አነገሡ፤ ኮንራድም ሁለቱንም ግዛት ነጠቀው። አባትየው በ1139 ድንገት ሞተ። ልጁ ያኔ 10 ዓመት ቢሆነው ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንያዝ። በዚያ ዘመን ጀርመን የመስፍን ግዛት ማለት እኛ አገር ጉልት እንደሚባለው ዓይነት ነው፤ ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይነሳል። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው መሬት ደግሞ ከርስት ጋር ይቀራረባል። የሃይንሪሽን ታሪክ ለመረዳት ይህን ልዩነት ማወቅ ግድ ነው።

ልጁ በ1142 ሳክሶኒን አስመለሰ። በ1152 ደግሞ ዕድል ፊቷን አዞረችለት፤ የአክስቱ ልጅ ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ነገሠ። በ1156 ባቫሪያም ተመለሰችለት። ኦስትሪያ ከባቫሪያ ተቆርጣ ራሷን የቻለች የመስፍን ግዛት የሆነችውም በዚሁ ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ሙኒክ እንምጣ። የፍራይዚንግ ጳጳስ በኢዛር ወንዝ ላይ ድልድይ ነበረው፤ ጨው የጫነ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ነው። ሃይንሪሽ ምን አደረገ? ድልድዩን አስፈርሶ መንገዱን ወደ ራሱ ድልድይና ገበያ አዞረው። ጳጳሱ የፍሬድሪክ አጎት ስለነበር ነገሩ ከሮ ንጉሠ ነገሥቱ ጋ ደረሰ። ፍሬድሪክ ግን ጁን 14 ቀን 1158 ገበያው በሙኒክ ይቀጥል፣ ከገቢው ሲሶው ለጳጳሱ ይሰጥ ብሎ ፈረደ። ከተማዋ እስከ ዛሬ ልደቷን የምታከብረው በዚህ ቀን ነው።

በ1159 በእሳት የወደመችውን ሉቤክን እንደገና አቋቋመ፤ ከተማዋ በኋላ የሰሜን አውሮፓ ንግድ እምብርት ሆነች። በስላቭ ሕዝቦች ላይ በጦር እየዘመተ ግዛቱን አሰፋ። በመኖሪያው በብራውንሽቫይግ ከነሐስ የተሠራ አንበሳ አቆመ። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከክሌሜንትያ ተፋትቶ፣ በ1168 የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ ዳግማዊን ልጅ ማቲልዳን አገባ። እሱ ወደ 40 እየተጠጋ ነው፤ እሷ ገና 12 ዓመት አልሞላትም።

ከዚያ 1176 መጣ። ፍሬድሪክ ጣሊያን ውስጥ ጦርነት ላይ ነበርና የአጎቱን ልጅ ወታደር ለመነ። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ንጉሠ ነገሥቱ ተንበርክኮ እስከ መለመን መድረሱን ጽፈዋል። ሃይንሪሽ እምቢ አለ። ፍሬድሪክም በዚያው ዓመት በሌኛኖ ተሸነፈ።

ቂም ያላቸው መሳፍንት ክስ ደረደሩ። ሃይንሪሽ ደጋግሞ ቢጠራም ችሎት አልቀረበም። በ1180 ሳክሶኒ ተከፋፈለች፤ ባቫሪያ ለቪትልስባኽ ቤተሰብ ተሰጠች፤ እነሱም እስከ 1918 ገዟት። ያ ሁሉ ጉልት በአንድ ዓመት ውስጥ ሄደ። በ1181 ኤርፉርት ላይ ከፍሬድሪክ እግር ስር ወደቀ። የቀረለት የወላጆቹ ርስት፣ በብራውንሽቫይግና በሉነቡርግ ዙሪያ ያለው መሬት ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ከአገር መውጣት አልቀረለትም።

ያን ጊዜ የደረሰለት አማቱ ነው። ሃይንሪሽ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተሰደደ፤ ትንሹ ልጁ ቪልሄልም በ1184 እንግሊዝ፣ ዊንቸስተር ተወለደ። በ1189 ሁለተኛ ሲሰደድ ማቲልዳ ርስቱን ልትጠብቅ ብራውንሽቫይግ ቀረች፤ በዚያው ዓመትም ሞተች። እሱ የተፈቀደለት ጊዜ ሳያልቅ ተመለሰ። ባርዶቪክን ያወደማትም ያኔ ነው። የዋህ ሰው ነበር ልንላችሁ አንችልም።

በመጨረሻ እርቁን ያመጣው ጦር ሳይሆን ጋብቻ ነው። ትልቁ ልጁ የባርባሮሳን ወንድም ልጅ አግነስን አገባ፤ በ1194ም ሃይንሪሽ ከአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ጋር ታረቀ። ኦገስት 6 ቀን 1195 ብራውንሽቫይግ ውስጥ አረፈ፤ ራሱ ባሠራው ካቴድራል ከማቲልዳ ጋር ተቀበረ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ልጁ ኦቶ በ1209 ሮም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ጫነ። በ1235 ደግሞ ያ የቀረው ርስት ራሱ የመስፍን ግዛት ሆነ፤ የመጀመሪያው መስፍን በስደት የተወለደው የቪልሄልም ልጅ ነው። ከዚያው ዘር የወጣው ጆርጅ በ1714 የብሪታንያ ንጉሥ ሆነ። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስም የትውልድ ሐረጉ እዚያ ይደርሳል።

ለሃይንሪሽ ስሙን የሰጠው በንጉሥ ቸርነት ያገኘው ሰፊ ግዛት ነበር። ዘሩን ያቆየው ግን የወላጆቹ መሬትና መሬቱን ስትጠብቅ የሞተችው ሚስቱ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በ1176 ለአክስቱ ልጅ እሺ ብሎት ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ግዛቶች ለልጆቹ ያወርስ ነበር?